በየትኛው ሰዓት? ሦስት ዓመት ገደማ የፈጀችው የአንዲት ትንሽ አማራጭ ታሪክ

ኦገስት 14 ቀን 2003 ሐሙስ ነበር። በኒውዮርክ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ሲሆን መብራት ጠፋ። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ ያለው ሰዓት 4፡10 ይል ነበር። ባቡሮች ከምድር በታች ዋሻ ውስጥ ቆሙ። ሊፍት ውስጥ የነበረ ሰው እዚያው ቀረ። ከማንሃተን ሥራ ውሎ የሚወጣው ሕዝብ ድልድዮቹን በእግሩ ተሻገረ። በስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ኤሌክትሪክ አጣ። የተቋረጠው ኃይል 61,800 ሜጋዋት ነበር፤ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 12 እጥፍ ማለት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሌላ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹ ግን በእኛ ናቸው። ይህን ቀድሞ መናገር ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ይታያል።)

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የካናዳ ባለሥልጣናት ጣታቸውን ወደ አሜሪካ ቀሰሩ። የኒውዮርክ ባለሥልጣናት ደግሞ ወደ ካናዳ። እያንዳንዱ ወገን «ከእናንተ ነው የጀመረው» አለ። ሁለቱ መንግሥታት የጋራ መርማሪ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። የግብረ ኃይሉ የመጀመሪያ ሥራ የቱ መስመር መቼ እንደወደቀ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነበር። ቀላል ይመስላል። በየማከፋፈያ ጣቢያውና በየመቆጣጠሪያ ክፍሉ መዝጋቢ መሣሪያ ነበር፤ እያንዳንዱ ክስተት የሰዓት ማህተም ተመትቶበታል። ማህተሞቹን ሰብስቦ በተርታ መደርደር ብቻ ነው የሚቀረው።

ሲደረደሩ ግን አልገጠሙም። አንዳንዱ ኮምፒውተር የመረጃ ጎርፍ ሲመጣበት ወረፋ አስይዞ ቆይቶ ነው ሰዓቱን የጻፈው። የሌላው ሰዓት ከብሔራዊው ሰዓት ጋር ተመሳክሮ አያውቅም። እያንዳንዱ መዝጋቢ ለራሱ እውነቱን ተናግሯል፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ውጤቱ ከምክንያቱ ቀድሞ የተከሰተ የሚመስልበት ቦታ ነበር። ዋናው ውድቀት ሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ በፈጀበት አደጋ ውስጥ የሰከንዶች ልዩነት ማን ማንን እንደጣለ ይለውጣል። ስለዚህ መርማሪዎቹ ከመፍረዳቸው በፊት ሰዓቶቹን ማስታረቅ ነበረባቸው። ይህም ብዙ ጉልበት ጠየቃቸው።

ይህ ታሪክ ስለ ኤሌክትሪክ ቢመስልም ዋናው ጉዳዩ «በየትኛው ሰዓት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በኃይል መስመር ብቻ አይቆምም። በእያንዳንዱ ሰርቨርና በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። እዚያ ውስጥ ከ2012 እስከ 2015 ድረስ በዚሁ ጥያቄ ላይ ክርክር ተካሂዷል። የክርክሩ ውጤት ከአንድ የኮምፒውተር መሣሪያ ትእዛዝ ጎን የምትጻፍ አንዲት አጭር አማራጭ ናት። ታሪኳን ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ዝም ያለው ማንቂያ

የዚያን ቀን አደጋ ሥሩ ኦሃዮ ነበር። የፈርስት ኢነርጂ ኩባንያ የመቆጣጠሪያ ክፍል የማንቂያ ሶፍትዌር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ላይ ዝም አለ። ኦፕሬተሮቹ ዝም ማለቱን አላወቁም። ማንቂያ ካልጮኸ ሰላም ነው ብለው ተቀመጡ። 9 ሰዓት ከ5 ላይ አንድ ከፍተኛ መስመር ዛፍ ነክቶ ወደቀ፤ 9 ከ32 ሌላ፤ 9 ከ41 ሌላ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ዓይኑ ታውሮ ነበር።

ሶፍትዌሩ ለምን ዝም አለ? ባለሙያዎች ከሳምንታት ፍተሻ በኋላ ነው ያገኙት። ሁለት የፕሮግራም ክፍሎች አንድን መረጃ በአንድ ቅጽበት ለመጻፍ ተሽቀዳድመው ነበር። ቅጽበቷ በሺህኛ ሰከንድ የምትለካ ናት። ፕሮግራሙ እዚያች ጠባብ በር ላይ ተጋጭቶ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገባ።

እንዲህ ዓይነት ስህተት ኮዱን ከላይ እስከ ታች በማንበብ ብቻ አይያዝም። ኮዱ ትክክል ይመስላልና። ስህተቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ። ለዚህ የሚያገለግል የመሣሪያ ዓይነት አለ፤ ዱካ መዝጋቢ እንበለው። ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል፣ ሥራውን ሲሠራ መዝጋቢው አጠገቡ ቆሞ ይጽፋል፦ ይህ ፕሮግራም ተነሳ፣ ያኛው ተኛ፣ ዲስኩ መለሰ፣ ከኔትወርክ መልእክት ገባ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የሰዓት ማህተም አለ። ማህተሙ የሚጻፈው በናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

ማህተሙ ከተሳሳተ መዝገቡ በሙሉ ይሳሳታል። ያም ሆኖ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ሰዓት የለም፤ ብዙ ሰዓት አለ።

ሁለት ልብ፣ ሁለት ምት

ኢንቴል በ1993 ፔንቲየም የተባለውን ቺፕ ሲያወጣ ውስጡ አንድ ቆጣሪ አኖረበት። ቺፑ በመታ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ለማንበብ አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ፈጣን፣ ርካሽና ጥቃቅኑን ጊዜ የሚለይ ነበር። የፕሮግራም ጸሐፊዎች በደስታ ተቀበሉት። ሁለት ጊዜ አንብበህ ስትቀንስ መካከሉ ላይ ያለፈውን ጊዜ ታገኛለህ።

በኋላ ግን ቺፖች ባትሪና ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን መቀነስና መጨመር ጀመሩ። ቺፑ ሲያዘግም ቆጣሪውም አዘገመ። አንድ ምት ስንት ናኖ ሰከንድ እንደሆነ ማወቅ ቸገረ። ቀጥሎም በ2005 አካባቢ በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮር ያላቸው ኮምፒውተሮች ገበያውን ሞሉት። እያንዳንዱ ኮር የራሱ ቆጣሪ ነበረው፤ የሁለቱ ቆጣሪዎች እየተለያዩ የሚሄዱባቸው ማሽኖችም ነበሩ። አንድ ፕሮግራም በአንደኛው ኮር ላይ ሰዓት አንብቦ ወደ ሌላኛው ቢዛወር ጊዜ ወደ ኋላ የሄደ ሊመስለው ይችላል። በመዝገብ ላይ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የደረሰ ይመስላል። የኋለኞቹ ዓመታት ቺፖች በተረጋጋ ፍጥነት የሚቆጥር ቆጣሪ ይዘው መጡ። ከርነል ጸሐፊዎቹ ግን ትምህርቱን አልረሱም። ከዚያ በኋላ ቆጣሪን ሳይፈትሹ አያምኑትም።

ዱካ መዝጋቢዎቹ በብዛት የመጡት በዚሁ ጊዜ ነው። ሰን የተባለው ኩባንያ በ2005 ከሶላሪስ 10 ጋር ዲትሬስን አወጣ፤ ሌሎቹም ቀኑበት። ሊኑክስ ውስጥ ስቲቨን ሮስቴት የሚመራው ኤፍትሬስ በ2008 ከከርነሉ ጋር ተዋሐደ። ፐርፍ የተባለው መሣሪያ በ2009 ተከተለ።

ሁለቱም የሊኑክስ መሣሪያዎች የመደበኛውን የኮምፒውተር ሰዓት ትተው የራሳቸውን የውስጥ ሰዓት ያዙ። ምክንያታቸው በቂ ነበር። መደበኛው ሰዓት በየጊዜው ይስተካከላል። አስተካካዩ የከርነል ክፍል ሥራ ሲጀምር «ቆዩ» የሚል ምልክት ይሰቅላል። ሰዓት ሊያነብ የመጣ ሁሉ ምልክቱ እስኪወርድ ይጠብቃል። ይህ በሌላው ጊዜ ችግር የለውም፤ ጥበቃው ከናኖ ሰከንዶች አያልፍም።

ዱካ መዝጋቢው ግን በማንኛውም ቅጽበት ሊገባ ይችላል። ምንም ሊያግደው በማይችል አቋራጭ ጥሪ መጥቶ የተያዘውን ሥራ አስቁሞ ይመዘግባል። አሁን አስተካካዩ ምልክቱን እንደሰቀለ መዝጋቢው ገባ እንበል። መዝጋቢው ሰዓት ለማንበብ ምልክቱ እስኪወርድ ይጠብቃል። ምልክቱን የሚያወርደው አስተካካዩ ነው። አስተካካዩን ያስቆመው ደግሞ መዝጋቢው ራሱ ነው። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ኮሩ እዚያው ይደርቃል። ሊመረምር የመጣው መርማሪ ማሽኑን ገደለው ማለት ነው።

ስለዚህ የውስጥ ሰዓት ያዙ። ማንንም አያስጠብቅም፤ ፈጣን ነው። ለከርነሉ ብቻ ይታያል። ከውጭ ያለ ፕሮግራም ግን ሊያነበው አይችልም።

የ2012 ጥያቄ

በኦክቶበር 2012 ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ስቴፋን ኤራኒያን ለከርነል ጸሐፊዎቹ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ፐርፍ በሚጽፈው መዝገብና ተራ ፕሮግራሞች በሚጽፉት መዝገብ መካከል የጋራ ሰዓት እንዲኖር ጠየቀ።

ለምን እንደጠየቀ በጃቫ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ሲሠራ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጎመው እዚያው በሩጫው ላይ ነው። የተተረጎመው ኮድ በማህደረ ትውስታ ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ካላስፈለገ ይነሳል፤ ቦታውም ለሌላ ኮድ ይሰጣል። ፐርፍ ደግሞ የሚያየው አድራሻውን ብቻ ነው። «በዚህ ሰዓት ቺፑ በዚህ አድራሻ ላይ ነበር» ብሎ ይጽፋል። አድራሻው የማን ነበር? ቤቱን በየደቂቃው የተለያየ ተከራይ የሚገባበት ከሆነ የቤት ቁጥር ብቻ ማወቅ አይበቃም። በዚያች ደቂቃ ማን እንደነበረበት የሚናገር የኪራይ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡን የሚይዘው ጃቫ ነው። ጃቫ በአንድ ሰዓት ይጽፋል፤ ፐርፍ በሌላ ሰዓት። ሁለቱን ማገናኘት ካልተቻለ ጥፋቱ በንጹሑ ተከራይ ላይ ይወድቃል።

ይህ የአንድ መሐንዲስ ችግር አልነበረም። ትልልቅ ድርጅቶች በሺዎች የሚቆጠር ሰርቨር አላቸው። አንድ አገልግሎት ሲዘገይ የትኛው ቡድን ኮዱን ያስተካክል? የትኛው ኮድ ይጻፍ እንደገና? መልሱ ያለው በመዝገቡ ላይ ነው። በተሳሳተ ሰዓት የተጣመረ መዝገብ የወራት ሥራ በተሳሳተ ቦታ ላይ እንዲፈስ ያደርጋል።

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ የውስጡን ሰዓት ለሁሉም ክፈቱት። ጸሐፊዎቹ ግን አመነቱ። ሊኑክስ ውስጥ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፤ አንድ ጊዜ ለተጠቃሚ የተሰጠ ነገር አይነሳም። የውስጡ ሰዓት ለውስጥ ሥራ የተቀመጠ ነው፤ ነገ ሊቀየር ይችላል፤ በየማሽኑም ይለያያል። ዛሬ ከተከፈተ ለዘላለም ቃል ኪዳን ይሆናል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው መጡ፦ ፐርፍ ራሱ መደበኛውን ሰዓት ይያዝ አሉ። ለዚህም መልስ ነበረ፤ ያ ሰዓት እንዳየነው ማሽኑን ሊያደርቅ ይችላል። ጉዳዩ እየተነሳ እየወደቀ ቀጠለ።

ሁለት ሰሌዳ

የመጀመሪያው መፍትሔ በ2014 ከቶማስ ግላይክስነር መጣ። የከርነሉን የሰዓት ክፍል ለዓመታት የያዘ ሰው ነው። ሐሳቡን ያለ ኮድ ማስረዳት ይቻላል። ሰዓቱ የሚጻፍበትን ሰሌዳ ሁለት አደረገው። አስተካካዩ አንዱን ሰሌዳ ሲጽፍ አንባቢ ሁሉ ሌላውን ያነባል። ጽፎ ሲጨርስ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ አንባቢዎች ወደ መጀመሪያው። በዚህ አሠራር ምንጊዜም ሊነበብ የሚችል አንድ ሰሌዳ አለ። በማንኛውም ቅጽበት የገባ መዝጋቢ ማንንም ሳይጠብቅ አንብቦ ይወጣል።

ዋጋ አለው። አሮጌውን ሰሌዳ ያነበበና ወዲያው አዲሱን ያነበበ ሰው በጣም ጥቂት ናኖ ሰከንድ ወደ ኋላ የተመለሰ ሊመስለው ይችላል። ግላይክስነር ይህን አልደበቀም፤ ከኮዱ ጎን ባለው ማብራሪያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሰዓቱ ይህ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱ ለምን እንደተፈጠረም እነሆ ይላል።

ሁለተኛው መፍትሔ በ2015 የፐርፍ ዋና ጸሐፊ ከሆኑት አንዱ ከፒተር ዛይልስትራ መጣ። እሱ የጨመረው ነገር ከኮዱ ይልቅ ሐሳቡ ይበልጣል። እስካሁን የተጨቃጨቅነው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን ስለያዝን ነው አለ። ፐርፍ ጊዜን ለሁለት ሥራ ይጠቀማል። አንደኛው የራሱን ሥራ ለመለካት ነው፤ ይህ ቆጣሪ ስንት ጊዜ በራ፣ ስንት ጊዜ ጠፋ። ለዚህ የሚያስፈልገው ልዩነት ብቻ ነው። ሁለቱም ንባብ ከአንድ ሰዓት እስከሆነ ድረስ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ማንም አይጨነቅም። ሁለተኛው በመዝገቡ ላይ የሚታየው ማህተም ነው። እዚህ ላይ መዝገቡ ከሌላ መዝገብ ጋር ሊገጥም ስለሚፈልግ የሰዓቱ ማንነት ወሳኝ ነው።

ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። የውስጡ ሰዓት ለውስጥ ሥራ ይቅር። ለማህተሙ ግን ተጠቃሚው ሰዓቱን ይምረጥ። በጁን 2015 በወጣው ሊኑክስ 4.1 ውስጥ ፐርፍ አዲስ አማራጭ አገኘ፤ ከትእዛዙ ጎን ኬ የምትለዋን ፊደል ጽፎ የሰዓቱን ስም ማስከተል። ጃቫም በዚያው ሰዓት ይጻፍ፣ ፐርፍም በዚያው፤ መዝገቦቹ ይገጥማሉ።

ሁለቱን የጊዜ ሥራዎች መቀላቀል የሚያስከትለው ጣጣ የሐሳብ ብቻ አይደለም። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ዳህራን ሳዑዲ ዓረቢያ ላይ የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ባትሪ የመጣበትን የኢራቅ ስከድ ሳይመታ ቀረ። ስከዱ የጦር ሰፈር ላይ ወድቆ 28 አሜሪካውያን ወታደሮችን ገደለ። የባትሪው ኮምፒውተር ጊዜን በአሥረኛ ሰከንድ ይቆጥር ነበር። ቁጥሩን ወደ ሰከንድ ሲቀይር ጥቂት ይጎድልበታል። 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመቆየቱ ጉድለቱ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ገደማ ደረሰ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በኋላ የወጡ ትንተናዎች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጨምረዋል። ሁለቱም ንባቦች እኩል ቢሳሳቱ ኖሮ ስህተቱ በመቀነስ ይጠፋ ነበር። ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ግን የተሻለው ስሌት በአንዳንድ ቦታ ገብቶ በሌላው አልገባም። አንዱ ንባብ በአንድ ሰዓት፣ ሌላው በሌላ ሰዓት ሆነ። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

ለምን አንድ ጥሩ ሰዓት አይመርጡም?

«ምርጫ መስጠት ኃላፊነት መሸሽ ነው፤ ባለሙያ ከሆናችሁ ምርጡን ሰዓት መርጣችሁ ስጡን» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በሌላ ጉዳይ ላይ እውነት ሊኖረው ይችላል። በሰዓት ጉዳይ ግን ምርጥ የሚባል የለም፤ ለሥራው የሚስማማ እንጂ።

ሊኑክስ ውስጥ ያሉትን እንያቸው። ሰዎች የሚያነቡት የግድግዳ ሰዓት አለ፤ ቀንና ዓመት ይናገራል፤ ግን ሲስተካከል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሊዘል ይችላል። ወደ ኋላ የማይሄድ ሰዓት አለ፤ እሱም ከኔትወርክ በሚመጣ እርማት ፍጥነቱ በጥቂቱ ይጎተታል። ምንም እርማት የማይነካው ጥሬ ሰዓት አለ፤ ለልኬት ንጹሕ ነው፤ ቀስ በቀስ ግን ከዓለም ይለያል። ስልኩ ተኝቶ የቆየበትን ጊዜ የሚቆጥር አለ፤ የማይቆጥርም አለ። በኤፍትሬስ ውስጥማ ሰዓት ያልሆነ ሰዓት አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ለክስተቶች ተራ ቁጥር ብቻ ያድላል። ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግርህም፤ ማን እንደቀደመ ግን አይሳሳትም። ኮሮቹን ሁሉ አስማምቶ የሚቆጥርም አለ፤ በምትኩ ያዘገማል። እያንዳንዱ አንድ ነገር ይሰጣል፣ አንድ ነገር ይነሳል።

የግድግዳውን ሰዓት ማመን ምን እንደሚያስከትል በጁን 30 ቀን 2012 ታይቷል። የዓለም ሰዓት ከምድር መሽከርከር ጋር እንዲገጥም አንድ ተጨማሪ ሰከንድ ገባበት። ሊኑክስ ውስጥ በነበረ ስህተት ምክንያት ብዙ ሰርቨሮች በዚያች ሰከንድ ግራ ተጋብተው ያለ ሥራ መሽከርከር ጀመሩ። ሬዲት ለጊዜው ወደቀ። የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ የመንገደኛ ምዝገባ ሥርዓት ተስተጓጉሎ በረራዎች ዘገዩ። በ2022 ጉዳዩን የሚወስነው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እስከ 2035 ድረስ ይህን ሰከንድ የመጨመር አሠራር ለማስቀረት ተስማማ። ከዚያው 2022 ጀምሮ ኤፍትሬስ ተጨማሪ ሰከንዷን የማያውቅ የአቶሚክ ሰዓትም በዝርዝሩ ላይ አክሏል።

ስለዚህ ምርጫ መስጠቱ ሽሽት አይደለም። ሽሽት የሚሆነው ምርጫው ካልተነገረ ነው። በዚህ ረገድ የሁለቱ መሣሪያዎች አሠራር ትምህርት ይሰጣል። ኤፍትሬስ የሰዓቶቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል ያሳያል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው በቅንፍ ይከበባል። ፐርፍ ደግሞ የተመረጠውን ሰዓት ማንነት እዚያው መዝገቡ ላይ ያትመዋል። በ2020 የመዝገቡ ራስጌ የተመረጠውን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር የሚያገናኝ ማጣቀሻም እንዲይዝ ተደረገ። መዝገቡን ከዓመት በኋላ፣ በሌላ አገር የሚከፍተው ሰው «በየትኛው ሰዓት?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ባያገኝም መልሱን ያገኛል።

በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ሲባል አፋችን ላይ የሚመጣው ጥያቄ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚል ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመዱ የሚደውልለት ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። የአውሮፕላን ትኬት የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። አብዛኛው ዓለም ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ አንድ ሰዓት ብቻ ያለ ይመስለዋል። የከርነል ጸሐፊዎቹ ሦስት ዓመት ገደማ ተከራክረው የደረሱበት ቦታ እኛ በየቀኑ ስልክ ላይ የምንጠይቃት ጥያቄ ናት። ቁጥር ብቻውን ሰዓት አይሆንም፤ ቁጥርና የቆጣሪው ማንነት አንድ ላይ ናቸው ሰዓት የሚሆኑት።

ጥያቄው ቀልድ የማይሆንበት ጊዜም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወድቅ 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ የተነሳበት ቅጽበት በአዲስ አበባ ሰው አንደበት 2፡38 ነው። በዓለም የዜና ማሠራጫዎች 8፡38 ነው። በመርማሪዎቹ የመጀመሪያ ሪፖርት ላይ ደግሞ 05፡38 ነው፤ አቪዬሽን የሚሠራው በዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት ስለሆነ። ሦስት ቁጥር፣ አንድ ቅጽበት። ሪፖርቱን የሚያነብ የሟች ቤተሰብ፣ ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ግራ ያልተጋባው የሰዓቱ ማንነት አስቀድሞ ስለተጻፈ ነው። ከመነሳት እስከ መውደቅ ያለው ጊዜ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ዳሳሹ መቼ ተሳሳተ፣ ሶፍትዌሩ መቼ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ፣ አብራሪዎቹ መቼ ምን አደረጉ የሚለው ሁሉ በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ በሰከንድ ተለክቶ ነው የሚነገረው። የበረራ መረጃ መዝጋቢው፣ የድምፅ መዝጋቢውና የመቆጣጠሪያ ማማው ሰዓት ባይገጥሙ ኖሮ ስለ ኃላፊነት አንድ ዓረፍተ ነገር በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር።

የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሥርዓት ሲቋረጥ፣ ሰው ሲሞት፣ ሁሉም ወገን መዝገብ ይዞ ይመጣል። መዝገብ መያዝ የእውነት ማረጋገጫ ይመስላል። ሁለት እውነተኛ መዝገቦች ግን በተለያየ ሰዓት ከተጻፉ አንድ ላይ ሆነው ሐሰት ሊናገሩ ይችላሉ። ማንም ሳይዋሽ ንጹሕ ሰው ይከሰሳል፤ ጥፋተኛው ይሾልካል። ስለዚህ «ማን አጠፋ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ የእናንተ መዝገብ በየትኛው ሰዓት ነው የተጻፈው? ከማን ሰዓት ጋር ተመሳክሯል? መቼ? ይህን ጥያቄ ጋዜጠኛው በመግለጫው ላይ፣ ዳኛው በችሎት፣ ተቆጣጣሪው አካል በምርመራው ሊጠይቀው ይገባል። መልስ የሌለው ተቋም የክስተት ዝርዝር አለው እንጂ ማስረጃ የለውም።

የ2003 መርማሪዎች ይህን ተረድተው ነበር። ካቀረቧቸው ምክረ ሐሳቦች አንዱ መዝጋቢ መሣሪያዎች ሁሉ በጋራ ሰዓት እንዲገጥሙ ማስገደድ ነበር። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የኃይል መስመር ላይ የአደጋ መዝጋቢዎች ከዓለም አቀፉ የተቀናጀ ሰዓት በ2 ሺህኛ ሰከንድ እንዳይርቁ ደንቡ ያዛል። ደንቡ አንድም የመብራት መቋረጥ አይከለክልም። በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲጠፋ ግን «ከእናንተ ነው የጀመረው» የሚለው ሰው የሚያቀርበው ቁጥርና የተከሰሰው የሚያቀርበው ቁጥር ከአንድ ሰዓት የተነበቡ ይሆናሉ።